የአስተርጓሚዋ ፉጨት

በፍርድ ቤት አስተርጓሚ የራሱ «እኔ» የለውም። ሌባው «እኔ አልሰረቅኩም» ሲል እኔም «እኔ አልሰረቅኩም» እላለሁ። ባሏን የከሰሰችው ሴት «እኔን ደበደበኝ» ስትል እኔም «እኔን ደበደበኝ» እላለሁ። «ተከሳሹ እንዲህ ይላል፣ ምስክሯ እንዲህ ትላለች» እያሉ ነገር ማስረዘም አይፈቀድም። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ከአኝዋክ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ አኝዋክ ስመልስ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያልፈነከትኩት ሰው፣ ያልነዳሁት ከብት፣ ያልካድኩት ውል የለም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ንጹሕ ነኝ፤ እጄን ታጥቤ ዓሣዬን እበላለሁ።

ሥራው የሚፈልገው ጆሮና ትንፋሽ ነው። ጆሮዬ ዛሬም የአይጥ ኮቴ ይሰማል። የከዳኝ ትንፋሼ ነው። ከዓመታት በፊት ቲቢ ይዞኝ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳላጓድል መድኃኒቱን ዋጥኩ። ዳንሽ ተባልኩ፣ ዳንኩም። ከዚያ በኋላ ግን ትንፋሼ ማፏጨት ጀመረ። መጀመሪያ ደረጃ ስወጣ ነበር፣ ኋላ ስናገር፣ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብዬም ያፏጭ ጀመር። አስም ነው ተባለ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ሳብኩ። ሌላ ዓይነት ሰጡኝ፣ እሱንም ሳብኩ። ፉጨቱ ምን ገዶት! እንደ ጎረቤት ዶሮ ያለ ፈቃዴ ይጮሃል።

ሰው መቼም ሲጨንቀው የማይገባበት የለም። ከገበያው ጀርባ አንድ ሰውዬ «የሌዘር ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ቤት ከፍቶ ነበር። ሰሌዳው ላይ የወገብ ሕመም፣ ቁርጥማት፣ ሳይነስ፣ አስም፣ ሳንባ ተብሎ ተዘርዝሯል፤ የቀረው የመሥሪያ ቤት ችግር ብቻ ነው። ገባሁ። ደረቴ ላይ ቀይ መብራት ያለው ሳህን የሚያህል ነገር አስጠግቶ «ዝም ብለሽ ተንፍሺ» አለኝ። ዝም ብዬ መተንፈስ ብችል ኖሮ አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ? አላልኩትም። አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር፤ ቤቱ የሚያቀዘቅዝ ቬንትሌተር አለው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ማንም «እኔ» በይልኝ አይለኝም። ተኝቼ ወጥቼ በማግስቱ እንደገና አፏጫለሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አልሄድኩም፤ እንዲያውም መንገድ ቀይሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ሰሌዳውን ሳየው በራሴ እናደድ ነበር።

በዚያው ሰሞን የችሎቱ ሰብሳቢ ዳኛ ወደ ቢሯቸው አስጠሩኝ። የደጋ ሰው ናቸው፣ ጨዋ ናቸው፣ ወንበር ስበው ነው ያስቀመጡኝ። ችሎቱ እየዘገየ እንደሆነ፣ አንዳንዴ የዓረፍተ ነገሩን ጅማሬ ሰምተው መጨረሻውን ለመስማት እንደሚጠብቁ፣ ይህም ለእኔ ለራሴ እንደማይበጅ ነገሩኝ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት እረፍት ተዘግቶ በጥቅምት ሲከፈት መዝገብ ቤት ብሠራ ጥሩ ነው አሉ። ፋይል መደርደር ነው፣ ደመወዙ አይቀነስም፣ መናገር የለበትም። «ዝም አይነቅዝም ይባላል» አሉና ፈገግ አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያበገነኝ ደግነታቸው ነው። ዝም አይነቅዝም ይበሉ እንጂ እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስነቅዝ ይታወቀኝ ነበር። በትንሿ ክፍል ውስጥ በአቧራ መካከል ሌሎች የተናገሩትን ወረቀት ስደረድር ታየኝ። «ክቡር ዳኛ፣ እስከ ጥቅምት ይጠብቁኝ» አልኳቸው። ይህን አጭር ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ወሰድኩ። ሁለታችንም ቆጠርን፣ ሁለታችንም እንዳልቆጠረ ሰው ሆንን።

ከእረፍቱ በፊት ከነበሩት የመጨረሻ መዝገቦች አንዱ የዓሣ አጥማጆች ጠብ ነበር። ተከሳሹ የመረብ መጣያ ቦታዬን ነጠቀኝ ያለውን ሰው በመቅዘፊያ ራሱን ፈንክቶታል። የተጎዳውን ያከመው ወጣት ሐኪም ለባለሙያ ምስክርነት ተጠርቶ ቀረበ። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ለተከሳሹ በአኝዋክ አሰማለሁ። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ሙቀቱ ልብስ ላይ ይለጠፋል፣ ፉጨቴም በጸጥታው ውስጥ ብቻውን ይሰማል።

ሐኪሙ ስለ ቁስሉ ርዝመት እየተናገረ ድንገት አቆመ። ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። «ይቅርታ» አለ፣ «ይህ ፉጨት የሚመጣው አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ነው፣ ወይስ ወደ ውጭ ሲያወጡ?»

እኔ የሃያ ዓመት ልማዴን ሠራሁ። ወደ ተከሳሹ ዞሬ ጥያቄውን አንድም ቃል ሳላጎድል በአኝዋክ ጠየቅኩት። ሰውየው ግራ ተጋብቶ እኔን አየ፣ ሐኪሙን አየ፣ መልስ ሰጠ። እኔም ወደ ችሎቱ ዞሬ ድምጼን ከፍ አድርጌ መለስኩ፦

«እኔ? እኔ ደህና ነኝ። እሷን ጠይቃት።»

«እሷን» የሚለው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እሷ እኔ መሆኔ የገባኝ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱ ሳቀ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሳቀ፣ የተፈነከተው ሰውዬ ራሱ በፋሻው ሥር ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ፣ ግን እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር። ያልሳቀው ሐኪሙ ብቻ ነው። መልሴን እየጠበቀ ነበር።

ወደ ውስጥ ስስብ ነበር የሚያፏጨው። ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አስተውዬው አላውቅም። ከችሎት ስንወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ሳይሆን አንገቴ ላይ አስቀመጠ። «አስም ብዙውን ጊዜ ሲወጣ ነው የሚያፏጨው» አለኝ። «የእርስዎ ከላይ ነው፣ ትልቁ የአየር ቧንቧ ላይ። ቲቢው ሄዶ ጠባሳው በሩን ዘግቶት ይሆናል።» ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ፤ ንዴት ይሁን ደስታ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አብሮኝ የሄደው አጎቴ ነው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። አማርኛውን የተማረው ከተማሪዎች ጋር ሲጣላ ነው። አውቶቡሱ ከጋምቤላ ወደ ደጋ የሚያወጣውን የቡሬን ዳገት ሲጀምር ትንፋሼ እንደ ገመድ እየቀጠነ ሄደ። ሰዉ እየዞረ ያየኛል። አንዲት ሴት ለልጇ «አትጠጊያት» ስትል ሰማሁ። አጎቴ ሰምቶ «እሷ አይተላለፍም! ጨርሷል!» ብሎ ጮኸላት። አማርኛው ባይሰምርም ነገሩ ገብቷታል።

አዲስ አበባ አንገቴንና ደረቴን በሲቲ ስካን አነሱኝ። ስፔሻሊስቱ ምስሉን በኮምፒውተር አሳየኝ። የአየር ቧንቧዬ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ሰፊ፣ መሃሉ ላይ ግን በክር የታሰረ ይመስላል። በእስክሪብቶ ቀፎ እየተነፈስኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ከዚያ፣ «ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት እዚህ ይሠራሉ፤ በሌዘር እንከፍተዋለን» አለኝ።

ሳቅኩ። ለመሳቅ የሚሆን አየር ባይኖረኝም ሳቅኩ። «ዶክተር፣ ሌዘሩን እንኳ እኔ ጨርሼዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ።» የቀይ መብራቱን ነገር ነገርኩት። ቀጥዬም እንደ ዐቃቤ ሕግ አፋጠጥኩት፦ እናንተስ ከዚያ ሰውዬ በምን ትለያላችሁ? ሰሌዳችሁ ስለሚያምር ነው? አልተቆጣም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው የተለያየ መሆኑን አስረዳኝ። በቆዳ ላይ የሚበራ ደካማ ብርሃን አለ፣ ለቁስልና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚጠቀሙበት አሉ፤ የእኔ ጠባሳ ዘንድ ግን መድረስ አይችልም። የእነሱ ሌዘር በአፍ በሚገባ ቱቦ ወርዶ ጠባሳውን ራሱን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ሳንባ ውስጥ የአየር መንገድ የዘጋ ዕጢም በእሱ ይቃጠላል። «ያኛው ያሞቃል፣ ይሄኛው ይቆርጣል» አለ። በቃ፣ ይህ ቋንቋ ይገባኛል።

ሁለት ቀን ቆይቶ የውጭዋ ሐኪም መጣች። ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ጠና ያለች ሴት ናት። አጠገቧ ሆኖ የሚያስተረጉምላት አንድ የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪም አለ። እሷ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ ዓይኔን እያየች፣ በእጆቿ እያሳየች ረጅም ነገር ተናገረች። ሦስት ጊዜ ቆም አለች፣ አንድ ጊዜ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። ወጣቱ አጎንብሶ እጄን ያዘና፣

«አይዞሽ እናቴ፣ ቀላል ነው ትላለች» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው፣ ግን እሳት የሚለውን ቃልና ድምጽ የሚለውን ቃል ለይቼ ሰምቻለሁ። «ልጄ» አልኩት፣ «እኔ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። እሷ የተናገረችው አንድ ቁና ነው፣ አንተ ያመጣህልኝ አንድ እፍኝ። የቀረውን የት አደረስከው?» ወጣቱ ቀላ። እንዳትፈሪ ብዬ ነው አለ። «መፍራት የኔ ሥራ ነው፣ ያንተ ሥራ መመለስ ነው። እንደገና ትናገር። አንተም ‹ትላለች› አትበለኝ፤ ‹እኔ› እያልክ መልስልኝ።»

ለሐኪሟ ነገራት። እሷም ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች። ከመጀመሪያው ጀመረች፣ እሱም ከመጀመሪያው ጀመረ።

«እኔ አስተኛሻለሁ። እኔ በአፍሽ ጠንካራ ቱቦ አስገባለሁ። ጠባሳውን በሦስት ቦታ በሌዘር እሰነጥቀዋለሁ፣ ከዚያ በፊኛ እወጥረዋለሁ። ሌዘሩ በሚሠራበት ሰዓት የምሰጥሽን ኦክስጅን ዝቅ አደርጋለሁ። ዝቅ ካላደረግኩ ቱቦው ውስጥ እሳት ሊነሳ ይችላል። ሊደማ ይችላል። ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። ድምጽሽ ሊሻክር ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ጠባሳውም ራሱ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። እኔ ከዚህ በላይ ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ሲጨርስ ላቡ ይወርድ ነበር። ለሌላ ሰው «እኔ» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። በአንድ ጠብታ አየር የምኖር ሴት ነኝ፤ ከዚያችም ላይ ሊቀንሱብኝ ነው። ግን የምፈራውን ነገር በሙሉ ቁጥሩ አውቄ መፍራቴ በራሱ ክብር ነበር። «ገብቶኛል» አልኩ። «ለመተንፈስ ብቻ አይደለም የመጣሁት። በጥቅምት ችሎት ላይ ቆሜ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው መናገር እፈልጋለሁ። ይህን ንገራት፣ ምንም አትቀንስ።» አልቀነሰም።

ያልተስማማው አጎቴ ነው። ከወንበሩ ተነሳ። አማርኛ ጋምቤላ ለመግባት ባሮን ሲሻገር «እርስዎ»ን ወንዙ ውስጥ ጥሎ ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ አጎቴ ለስፔሻሊስቱም ቢሆን አንተ ነው የሚለው። «አንተ ዶክተር፣ ስማ። እሳት ለሣር ነው። በበጋ ሣር እናቃጥላለን፣ እሺ። ሰው ውስጥ እሳት አይገባም። እኔ አልፈርምም።» ማንም እንዲፈርም አልጠየቀውም። የስምምነት ቅጹን ከነርሷ እጅ ወስጄ ራሴ ፈረምኩ። አጎቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የአባቴ ቦታ ላይ ያለ ሰው ነውና ጀርባውን ማየት አንጀቴን በላው። ፊርማዬን ግን አልሰረዝኩም።

በማግስቱ ጠዋት የማደንዘዣ ባለሙያዋ አፌን ልታይ መጣች። አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ ነበር የምሸፍነው። ከፈትኩላት። ታችኛዎቹ የፊት ጥርሶቼ የሉም። በእኔ ዕድሜ ያለ ገጠር የተወለደ አኝዋክ ብዙው እንዲሁ ነው፤ ልጅ ሳለን ይነቀላል። «አደጋ ነው?» አለችኝ። አፌ ውስጥ ጣቷ ስላለ መመለስ አልቻልኩም። ከመስኮቱ በኩል አጎቴ መለሰ።

«አደጋ አይደለም። እኔ ጭንቅላቷን ይዣለሁ፣ አባቷ ነቅሏል። ሰው ታሞ አፉ ከተዘጋ፣ ጥርሱ አልከፈት ካለ፣ ወተት በዚያ ይገባል። መድኃኒት በዚያ ይገባል። ለሕመም ቀን በር ነው።»

ባለሙያዋ ጣቷን አወጣች። አልሳቀችም፣ አላዘነችም። ቱቦው ወፍራም እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ላይ ጥርስ እንደሚያስቸግር፣ እኔ ላይ ግን ቦታ እንዳለ ነገረችው። አጎቴ መስኮቱን ተወ። ከዚያ መጥቶ፣ ያኔ በልጅነቴ እንደያዘው፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘና ጸለየ። ጸሎቱን ሲጨርስ ወደ እሷ ዞረ።

«እንግዲያው በሩ ክፍት ነው» አላት። «ግቡ።»

ስለ ሌዘሩ የምነግራችሁ የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ጸጥታ ነው። ፉጨት የለም። ሞቻለሁ መሰለኝ። ከዚያ ደረቴ በራሱ ተነሳ፣ አየሩ ያለ ድምጽ እስከ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። እንደገና ሳብኩ። ስንት ጊዜ እንደሳብኩ አላውቅም፤ ድግስ ቤት እንደገባ ችጋራም እበላው ጀመር። ድምጼ ግን የለም፤ አፌን ስከፍት የደረቀ ቅጠል ብቻ ተንኮሻኮሸ። ወጣቱ ሐኪም መጥቶ «እኔ ደስ ብሎኛል ትላለች» ብሎ ጀመረና ደንግጦ፣ «ማለቴ… እኔ ደስ ብሎኛል» አለ። ትምህርቱን ይዟል። ወደ ጋምቤላ ሲሸኙኝ በየሦስት ወሩ እየመጣሁ እንድታይ ቀጠሮ ሰጡኝ።

ድምጼ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከበፊቱ ትንሽ ወፍሮ። ጥቅምት ላይ ችሎት ተከፈተ። የዝውውር ደብዳቤዬ ተጽፎ የቀረው ፊርማ ብቻ እንደሆነ ጸሐፊዋ በሹክሹክታ ነገረችኝ። የዓሣ አጥማጁ መዝገብ ለውሳኔ ተቀጥሮ ነበር። ጥፋተኛ ተባለ። የቅጣት ማቅለያ ካለው እንዲናገር ተጠየቀና ተነሳ። ይህ ሰው ከልቡ ተናገረ፤ ስለ ልጆቹ፣ ከአባቱ ስለወረሰው መረብ፣ መቅዘፊያውን ካነሳ በኋላ እጁ ለሦስት ቀን ስለመንቀጥቀጡ፣ የተጎዳውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ስለመለመኑ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቆመው ነበር፣ በቁርጥራጭ እንዲሰጠኝ። አላስቆምኩትም። ሁሉንም እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሬ «እኔ» ብዬ ጀመርኩ። ልጆቹንም መረቡንም የተንቀጠቀጠውንም እጅ ሳልቆራርጥ፣ ሳላፏጭ፣ እስከ መጨረሻው አደረስኩት። ዳኛው መጻፋቸውን ትተው ያዩኝ ነበር።

ተከሳሹ ግን አልተቀመጠም። እኔን እያየ በአኝዋክ አንድ ነገር ጠየቀኝ። በችሎት የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል፤ ማልኩበት። በዚህኛው ጊዜ ግን ጥያቄው ለማን እንደሆነ አውቄያለሁ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ ‹አንቺ፣ ፉጨትሽ የት ሄደ?› ብሎ አስተርጓሚዋን ጠይቋል።»

ማንም አልሳቀም። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «አስተርጓሚዋ ትመልስ» አሉ።

«እኔ» አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኩት ቃል ነው። «እኔ አዲስ አበባ ሄጄ በእሳት አስቆረጥኩት። ከተመለሰ እኔም እመለስበታለሁ። መዝገብ ቤት ግን አልሄድም።» ከዚያ ዞሬ ያንኑ ለተከሳሹ በአኝዋክ ነገርኩት።

ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ዳኛውን አየች።

«ቃሏ ይጻፍ» አሉ።